ከችግኝ እስከ ጣውላ፦ የደን ምርምራችን የቀረው ግማሽ መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ላይ ቀርቤ እንድናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ጋበዘኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የተሰጠኝ ርእስ የሐሩር አገሮች ደንና የእንጨት ኢንዱስትሪ ዘላቂ እንዲሆኑ ምርምር ስላለው ድርሻ እንድናገር የሚጠይቅ ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ የዓለምን የሐሩር ክልል ሁሉ ልዳስስ ብል ብዙ ተናግሬ ጥቂት ብቻ አስጨብጣለሁ። ስለዚህ ነገሬን በአገራችን ደንና በአገራችን እንጨት ላይ አሳርፌ፥ ከሌሎች አገሮች የሚበጀንን ያህል ብቻ ለማነጻጸሪያ አመጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። የደን ምርምራችን ዛፍን እንዴት እንደምናበቅል ብዙ አስተምሮናል፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የተገኘው ዕውቀት ግን ከመጋዙና ከአናጢው ዘንድ በሚገባ አልደረሰም። ይህ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ በመቅረቱ ገበሬው ደክሞ ያሳደገው ባሕር ዛፍ ከአጣና ዋጋ አያልፍም፤ የተፈጥሮ ደናችንም ሌላው እንጨት ሊሸከምለት ይገባ የነበረውን ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

በመጀመሪያ የሐሩር አገር ደን ምርምር ከቀዝቃዛው አገር ምርምር የሚለይበትን ነጥብ ባጭሩ ላመልክት። በሰሜን አውሮፓ የሚሠራ የደን ባለሙያ በኃላፊነት የሚይዛቸው የዛፍ ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዛፎቹ በየዓመቱ ግልጽ የዕድገት ቀለበት ስለሚሠሩ፥ ግንዱን ቆርጦ ቀለበቱን በመቁጠር ብቻ የብዙ ዘመን ታሪካቸውን ለማንበብ ይቻላል። በሐሩር ክልል ግን በአንድ ሄክታር ላይ ከመቶ በላይ የዛፍ ዓይነቶች የሚገኙባቸው ደኖች አሉ፤ የብዙዎቹም ቀለበት የማይታይ ወይም የሚያሳስት ነው። ስለሆነም የእነዚህን ዛፎች ዕድገት ለማወቅ የሚቻለው የተወሰነ ቦታ ከልሎ፥ እያንዳንዱን ዛፍ ቁጥር ሰጥቶ፥ ለ20 እና ለ30 ዓመታት ደጋግሞ በመለካት ነው። በ1983 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሐሩር እንጨት ስምምነት፥ በስምምነቱም መሠረት ጽሕፈት ቤቱን በጃፓን አገር በዮኮሐማ ያደረገው ድርጅት፥ የእንጨት ንግድንና የደን ጥበቃን በአንድ ሰነድ ሲያጣምሩ ምርምርን ከዋና ተግባሮች አንዱ ያደረጉት ይህን በመገንዘብ ነው። ቆርጦ የሚሸጥ አገር ምን ያህል እንደሚበቅልለት ካላወቀ የሚሸጠው ትርፉን ይሁን ዋናውን ሊለይ አይችልምና።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተጨፈጨፈ በማለቁ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ በ1890ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣውና በዚሁም ምክንያት ባሕር ዛፍ የተባለው እንግዳ ዛፍ ነበር። በፍጥነት ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ገበሬውም ማንም ሳያስገድደው በጓሮውና በማሳው ዳር ተከለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘር ምንጩ፥ ስለ ችግኝ አፈላሉ፥ ስለ ውሃ አጠቃቀሙና በአፈር ላይ ስለሚያደርሰው ጫና ብዙ ተመራምረናል፤ ብዙም ተከራክረናል። በ1978 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤትም በዚህ መስክ የሠለጠኑ ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቶልናል።

ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ አገራችን ከገባ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ ዛሬም አብዛኛው የሚሸጠው እንደ ጥንቱ በአጣና፥ በማገርና በማገዶ መልክ ነው። ፎቅ ሲሠራ የግንበኛው መወጣጫ፥ ገጠር ሲገባ የጭቃው ቤት ቋሚ፥ መንገድ ዳር የመብራትና የስልክ ምሰሶ ነው። ይህ አገልግሎቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ አናጢ ቤት ገብታችሁ ጠረጴዛውን፥ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ከምን እንደሚሠራ ብትጠይቁት፥ በባሕር ዛፍ እሠራለሁ የሚላችሁ ጥቂት ነው። የሚፈልገው ዋንዛ ነው፤ ዝግባ ነው፤ ቀረሮ ነው። አቅም ያለው ደንበኛም የሚያዘው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፥ ዝግባን፥ ጽድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። የአዋጁ ዓላማ የሚደገፍ ነው፤ እነዚህ ዛፎች በእርግጥም በመመናመን ላይ ነበሩና። ሆኖም ክልከላው ብቻውን የአናጢውን ፍላጎት አላጠፋውም። ሕግ «ይህን አትቁረጥ» ባለ ጊዜ ምርምር ከጎኑ ቆሞ «በምትኩ ይህን ተጠቀም፤ አሠራሩም እንዲህ ነው» ሊል ይገባው ነበር። ምትክ ያልተበጀለት ክልከላ ሌሊት የሚጓዝ ጭነትን ያበዛ እንደ ሆነ እንጂ ደኑን እምብዛም አያድንም።

ታዲያ ባሕር ዛፍ ለጣውላ የማይሆነው ስለምን ነው? ነገሩ ከእንጨቱ ባሕርይ የሚመነጭ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በሚያድግበት ጊዜ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ይጠራቀማል፤ ይኸውም ከቅርፊቱ በታች ያለው ክፍል እንደ ተወጠረ ገመድ ሲሳብ፥ መካከሉ ደግሞ ይጨመቃል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ኃይሎች ተመዛዝነው ይኖራሉ። በመጥረቢያ ወይም በመጋዝ ሲቆረጥ ግን ሚዛኑ ይፈርስና ግንዱ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሲሠነጠርም ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ግንዱ በቀጠነና ዕድሜው ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይብሳል፤ ገበያችን የሚያቀርበው ደግሞ ይህንኑ ቀጭንና ለጋ ግንድ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው በአደራረቅ ጊዜ ነው። በማናቸውም እንጨት ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቁ ክብደት 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል። በቀለበቱ ዙሪያ አቅጣጫ የሚኮማተረውም ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሚሆን ጣውላው ይጣመማል። ነጩ ባሕር ዛፍ ከዚህም በላይ ቶሎ ቶሎ የደረቀ እንደ ሆነ ውስጣዊ ሕዋሳቱ ተጨፍልቀው ገጹ ይጨማደዳል። በበጋ ወራት የደጋው ፀሐይ በጠነከረበትና አየሩ በደረቀበት ጊዜ እርጥብ ጣውላ በግቢ ውስጥ ተነጥፎ ሲታይ፥ ያ እንጨት ገና ከገበያ ሳይደርስ ዋጋውን እያጣ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አናጢው እርጥቡን ገዝቶ በር ሠርቶ ይሰቅላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሩ አልገጥም ይላል፤ ባለቤቱም እንጨቱን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ሳይሆን የአያያዙ ነው።

መድኃኒቱ የተሠወረ አይደለም። ግንዱ እንደ ተቆረጠ ጫፉን በቀለም ወይም በሰም መሸፈን፤ ሳይውል ሳያድር መሠንጠር፤ ሲሠነጠርም ውጥረቱ እኩል እንዲላቀቅ ከሁለቱም ወገን እያፈራረቁ መቁረጥ፤ ጣውላውን ከጥላ ሥር፥ ነፋስ በልኩ በሚያገኘው ቦታ፥ በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው መለያ እንጨቶች እያደረጉ መደርደር፤ በላዩም ክብደት መጫን፤ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ደግሞ እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ ነው። የተጨማደደውንም በእንፋሎት መልሶ ለማቃናት ይቻላል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የእንጨት ምርምር ማዕከል የብዙ አገር በቀልና የውጭ ዛፎችን እንጨት ጥንካሬ፥ አደራረቅና ምስጥን የመቋቋም ችሎታ ለአሥርት ዓመታት ሲመረምር ቆይቷል። የጎደለው ውጤቱ መጋዝ ወደሚጎተትበት ቦታ፥ መጋዝ በሚጎትተው ሰው ቋንቋ መድረሱ ነው።

ስለ መጋዝ ካነሣሁ አይቀር፥ በሰጋቱራ መልክ ስለሚጠፋው እንጨት አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። ክብ መጋዝ በአንድ ጉዞ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት የሚያደቅ ቢሆን፥ አንድን ግንድ በ10 መሥመሮች ስንሠነጥር 60 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ይሆናል። እንደ ቀበቶ የሚዞረው ስስ መጋዝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያደቅ ቢሆን የሚጠፋው 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር፥ ማለት አንድ ወፍራም ጣውላ ነው። ግንዱ ቀጭን በሆነ መጠን ይህ ኪሣራ እየከበደ ይሄዳል። አንድም ዛፍ ሳንጨምር፥ መጋዝን በመለወጥና ጥርሱን በሚገባ በመሳል ብቻ ከዚያው ደን ብዙ ጣውላ ለማግኘት ይቻላል።

ችግሩ ግን ከመሰንጠቂያው ፋብሪካ ብቻ የሚጀምር አይደለም፤ ሥሩ ከተከላው ነው። ለአጣና የሚተከል ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ይተከላል፤ ለጣውላ የሚፈለግ ዛፍ ግን በየጊዜው እየሳሳ፥ ቅርንጫፉም እየተመለመለ ማደግ አለበት። በየፈረንጅ ጽድ ደኖቻችንም የምናየው ይኸንኑ ነው፤ በጊዜው ሳይሳሳና ሳይመለመል የቀረ ደን ሲቆረጥ ቀጭንና ጉጥ የበዛበት ግንድ ይሰጣል። ገበሬውን «አሳሳ፥ 20 ዓመት ጠብቅ» ለማለት ግን የወፍራም ግንድ ዋጋ ከአጣና ዋጋ በግልጽ መብለጡን ልናሳየው ይገባል። ዋጋውን የሚፈጥረው ጣውላውን በሚገባ የሚያደርቅና በደረጃ ለይቶ የሚሸጥ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ወፍራም ግንድ ካላገኘ አይቋቋምም። ገበሬውና ፋብሪካው እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁ ሁለቱም ቆመዋል። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የሚችለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያጠና ምርምር ነው።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት ይህ ከንቱ ተስፋ አለመሆኑን የሚያስረዱ ምሳሌዎች እናገኛለን። በማሌዥያ የጎማ ዛፍ ከ25 እስከ 30 ዓመት ገደማ ሲሞላው ፈሳሹ ስለሚያንስ እየተነቀለ ይቃጠል ነበር። እንጨቱ በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሻጋታ ስለሚጠቁርና በነቀዝ ስለሚበላ ለቤት ዕቃ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። የአገሩ ተመራማሪዎች ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንጨቱ ሳይዘገይ በቦሮን ጨው እንዲታከምና በማድረቂያ ክፍል እንዲደርቅ የሚያስችል ዘዴ አስፋፉ፤ ዘዴውንም ለአነስተኛ ፋብሪካዎች አስተማሩ። ይቃጠል የነበረው እንጨት የማሌዥያ የቤት ዕቃ ኢንዱስትሪ ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ፤ በተፈጥሮ ደኑም ላይ ያለውን ጫና አቃለለ። ብራዚልም የባሕር ዛፍ ደኖቿን በሽታ ባጠቃ ጊዜ በአራክሩዝ ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሽታውን የተቋቋሙትን፥ እንጨታቸውም ለተፈለገው ሥራ የሚስማማውን ዛፎች መርጠው ከቅርንጫፍ ቁራጭ አባዙ፤ ለዚህም ሥራ በ1984 የማርከስ ዎለንበርግ ሽልማት ተሰጣቸው። በሁለቱም ምሳሌዎች ተመራማሪው ችግኙን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን ዕቃ ጭምር እያየ ሠርቷል።

በእጃችን ያለውን ቀርከሃም እንመልከት። የደጋው ቀርከሃና የቆላው ሽመል በአንድ የዕድገት ወቅት ሙሉ ቁመታቸውን ይይዛሉ፤ ለግንባታ የሚሆን ጥንካሬ የሚያገኙት ግን 3 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው። ሳይደርስ የተቆረጠና ሳይታከም የተሠራበት ቀርከሃ በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝን ስለሚጠራ ወዲያው ይዱቃል። ገዢውም ወንበሩ ሲፈርስ ቀርከሃ የድሀ ዕቃ ነው ብሎ ይደመድማል። እዚህም ቢሆን የሚያስፈልገው አዲስ ተክል ሳይሆን የቆረጣ ዕድሜን መለየት፥ ማከምና ማድረቅ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ምርምር ከልክ ይጀምራል። በአገራችን የደን ጉዳይ ላይ በተጻፈው ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ደናችን የአገሪቱን 40 በመቶ ይሸፍን ነበር የሚል አኀዝ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 ባወጣው ጥናት ይህ አኀዝ በልክ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን አሳይቷል። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው ሰነድ ደግሞ የደን ሽፋናችን 15.5 በመቶ ተብሏል። ይህ አኀዝ ቀደም ሲል ይጠቀስ ከነበረው ከፍ ያለበት አንዱ ዋና ምክንያት የትርጉም ለውጥ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፥ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ያለው ሁሉ ደን ተብሎ ተቆጥሯልና። ያው ሰነድ ከ2000 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ያህል ደን እንደሚጠፋ አመልክቷል። በ2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ተገልጿል። የሕዝባችን መነሣሣት የሚያስመሰግን ነው። የሙያችን ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል፦ ስንቱ ጸደቀ? የጸደቀውስ ለምን አገልግሎት ታስቧል? የትኛው ለጣውላ፥ የትኛው ለማገዶ፥ የትኛው ለተፋሰስ ጥበቃ ነው? ሲተከል ያልተጠየቀ ጥያቄ ሲቆረጥ መልስ አያገኝም።

ከዚሁ ጋር የሚያሳስበኝ የመሥሪያ ቤቶቻችን መለዋወጥ ነው። የደን ጉዳይ ለብዙ ዘመን በግብርና ሥር ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ በ2013 ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመለት፤ በ2018 ኮሚሽን ሆነ፤ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ደን ልማት ተዛወረ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ዛፍ ግን 30 እና 40 ዓመት የሚፈልግ ፍጥረት ነው፤ የሙከራ ቦታ ባለቤቱ በየጥቂት ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ ይወድቃል፥ መዝገቡ ይጠፋል፥ አጥሩ ይፈርሳል። አንድ ጊዜ ያመለጠ የልኬት ዓመት ደግሞ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

ከእነዚህ ሁሉ በመነሣት ማኅበራችን አራት ነገሮችን እንዲያስብባቸው ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የረጅም ጊዜ የሙከራ ቦታዎች ዝርዝር፥ ካርታና የልኬት መዝገብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፥ መሥሪያ ቤት ቢለወጥም የማይነካበት ሥርዓት እንዲበጅለት ማኅበሩ ይጣር። ከአባሎቻችን መካከል በጡረታ የተሰናበቱት ብዙዎቹን ቦታዎች በአካል ያውቋቸዋል፤ ይህ ዕውቀት ከሰዎቹ ጋር አብሮ እንዳይቀበር መጻፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፥ ጣውላ በአገራችን የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በዐይን ግምት ነው። የእርጥበት መጠኑን፥ የጉጡን ብዛትና የመጣመሙን ልክ የሚለይ፥ ነጋዴውም አናጢውም የሚረዳው ቀላል የደረጃ ምደባ በሥራ ላይ ይዋል። በሚገባ ያደረቀና ያላደረቀ በአንድ ዋጋ በሚሸጡበት ገበያ የሚያደርቅ አይገኝም።

ሦስተኛ፥ የምርምር ውጤት በአማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች፥ ሥዕል ባለው አጭር መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ለአናጢዎች፥ ለመሰንጠቂያ ሠራተኞችና ለሙያ ትምህርት ቤቶች ይሠራጭ። ይህ የሚቻል መሆኑን «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ አስተምሮናል። ከክፍቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ የሚቆጥበው ይህ ምድጃ ከመመርመሪያ ክፍል ወጥቶ ከወጥ ቤት የደረሰው፥ ሙያውን ለአነስተኛ አምራቾች ያስተማሩና ለእናቶች ያሳዩ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው።

አራተኛ፥ በ2018 የወጣው የደን አዋጅ የግለሰብን፥ የማኅበራትንና የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት አውቋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ገበሬው ለ20 ዓመት የሚጠብቀው፥ የተከለው ዛፍ በመጨረሻ የራሱ መሆኑን፥ ቆርጦ ለመሸጥም ደጅ መጥናት እንደማያስፈልገው ሲያምን ብቻ ነው። ስለሆነም የቆረጣና የማጓጓዣ ፈቃድ አሰጣጥ በገበሬው ውሳኔ ላይ የሚያደርገው ተጽዕኖ እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ሁሉ የምርምር ርእስ ሊሆን ይገባዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብ። ከተሞቻችን በማደግ ላይ ናቸው፤ የሚሠሩት ቤቶች ሁሉ በር፥ መስኮትና የቤት ዕቃ ይፈልጋሉ። ይህ ፍላጎት የሚሟላባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ በሚመጣ እንጨት፥ ከጥቅጥቅ ደኖቻችን በሚወጣ ዝግባና ቀረሮ፥ ወይም ገበሬዎቻችን ባሳደጉት፥ ባለሙያዎቻችንም በሚገባ በሠነጠሩትና ባደረቁት እንጨት። ሦስተኛው መንገድ የሚከፈተው የችግኙ ተመራማሪና የጣውላው ተመራማሪ፥ ከእነርሱም ጋር የመሰንጠቂያው ባለቤትና አናጢው፥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው። በሚመጣው ዓመት ጉባኤያችን የመሰንጠቂያ ባለቤቶችና የአናጢዎች ተወካዮች እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተናጋሪ ተጋብዘው ችግራቸውን ራሳቸው ቢያስረዱን፥ የምርምራችንን ቀጣይ ርእሶች ከማንም አስበልጠው ሊያመለክቱን እንደሚችሉ አምናለሁ።